ዝሆኑና የእህቴ መኪና

ሞተሩን መጀመሪያ ያየሁት ጦሩ የጣለው ቁርጥራጭ ብረት በሚከማችበት ግቢ ውስጥ ነው። የታንክ ሞተር ነበር፤ በዕድሜ እኔን የሚበልጥ፣ አሥራ ሁለት ፒስተን ያለው፣ ስድስቱ በግራ ስድስቱ በቀኝ የተደረደሩለት። ብተኛበት እግሬ ሳይንጠለጠል ትራስ የማስቀምጥበት ቦታ ይተርፈኝ ነበር። የግቢው ጠባቂ ሸራውን ገለጠልኝና፣ "ከወሰድክልኝ እመርቅሃለሁ፤ ቦታ ይዞብኝ ተቸግሬያለሁ" አለኝ። ሳቅሁ። ወደ ጋራዤ ስመለስ ግን የደንበኛ ፍሬን እያሰርኩ ሐሳቤ እዚያ ግቢ ቀርቶ ነበር፤ አንዱን ብሎን ሁለቴ ፈትቼ ሁለቴ አሰርኩት።

ስለ ራሴ ብዙ የሚወራ ነገር የለም። መካኒክ ነኝ። ሰው መኪናውን እየተነጫነጨ ያመጣልኛል፣ እየተነጫነጨ ይወስዳል፤ የጠገንኩለትን ፍሬን ረግጦ ከአደጋ ሲተርፍ እኔን የሚያስታውስ የለም። አይፈረድበትም። ግን አንድ ጊዜ፣ አንድ ጊዜ ብቻ፣ ሰው መንገድ ላይ ቆሞ "ይሄን ደግሞ ማነው የሠራው?" የሚልለት ነገር መሥራት አማረኝ። ያ የታንክ ሞተር በቤት መኪና ውስጥ ገብቶ ሲያጓራ ታየኝ። ከዚያ ወዲያ እኔን መምከር ከንቱ ነበር።

አመጣሁት። የጋራዡ በር አልበቃው ብሎ መቃኑን ነቀልን። ጥግ ላይ ሲቀመጥ ጓደኛዬ በያጁ ዞር ዞር ብሎ አየውና፣ "ይሄን የሚሸከም መኪና ቢገኝ እንኳ ሾፌሩ የት ሊቀመጥ ነው? ጎረቤት?" አለ። በያጁን ሰፈሩ "ዝምታው" ይለዋል፤ ዝም ብሎ ስለማያውቅ ነው። ነገሩ ግን እውነት ነበር። ሜትር ይዤ ጋራዡ የገባውን መኪና ሁሉ አፍንጫ ለካሁ። ሁሉም አጭር ነው። ደንበኞች ለመኪናቸው ሱፍ ላሰፋለት ያሰብኩ እየመሰላቸው ግራ ተጋብተው ያዩኝ ነበር። ከማውቃቸው መኪኖች መካከል የሚበቃ አፍንጫ የነበረው አንድ ብቻ ነው፤ እሱም የእህቴ ነው።

እህቴ ታላቄ ናት። በልጅነቷ የያዛት በሽታ ሁለቱንም እግሮቿን ስላደከማቸው በክራንች ነው የምትሄደው። እናታችን ስትሞት እኔ ገና አፍንጫዬን በቅጡ የማልጠርግ ነበርኩ፤ ያሳደገችኝ እሷ ናት፣ ሳጠፋ በክራንቿ ጫፍ እየጎሸመች። እስከ ዛሬ "ማሙሽ" ነው የምትለኝ፣ ደንበኛ ፊት እንኳ። ሥራዋ ጆሯቸው በደንብ ለማይሰማ ልጆች የመስሚያ መሣሪያ መግጠምና መጠገን ነው። ከከተማ ወጣ ያሉ ትምህርት ቤቶችን እየዞረች የአንዱን ታስተካክላለች፣ የሌላውን ባትሪ ትቀይራለች፣ መሣሪያውን አውልቆ የጣለውን ትቆጣለች። ልጆቹ መኪናዋን ከሩቅ ሲያዩ እየተጋፉ ወደ በሩ ይሮጣሉ። ስለዚያ ሩጫ ስታወራ ፊቷ ይበራል።

መኪናው ከአባታችን የቀረ ነው። አባባ የአውቶቡስ መካኒክ ነበር፤ ለእሷ ሲል ፍሬኑንም ፍሪሲዮኑንም ነዳጁንም በእጅ የሚሠሩ አደረጋቸው። ከውኃ ቧንቧና ከብስክሌት እጀታ የሠራቸው ዘንጎች መሪው ሥር ነበሩ፣ ውበት የላቸውም፣ ግን አንድም ቀን ከድተዋት አያውቁም። እህቴ ክራንቿን ወደ ኋላ ወንበር ወርውራ በሩን ስትዘጋ ከማንም እኩል ትሆናለች። "መንገድ ላይ ማን በእግሩ ማን በእጁ እንደሚነዳ ማን ያውቃል?" ትል ነበር፣ ጡሩምባ የነፋባትን ሁሉ እየቀደመች።

አንድ ቀን መኪናው ፈልቶ፣ ነጭ ጭስ እየተፋ፣ ተጎትቶ መጣ። የሞተሩን የላይኛውን ክፍል፣ ቴስታውን፣ ከፈትኩት። የተቃጠለው ጓርኒሲዮኑ ነው፤ በቴስታውና በሞተሩ መሀል የሚገባ፣ ከካርቶን የማይወፍር ነገር። እሱን ቀይሮ መልሶ ማሰር ነው፤ ዐይን ጨፍኜ የምሠራው ሥራ። እህቴ አግዳሚው ላይ ተቀምጣ ክራንቿን ጉልበቷ ላይ አጋድማ፣ "ማሙሽ፣ ተስፋ አለው?" አለችኝ።

ዐይኔ ጥግ ወዳለው ሞተር ሄደ። ከዚያ ወደ መኪናው ረጅም አፍንጫ ተመለሰ።

"አልቆለታል" አልኩ።

አፌ ቀድሞኝ ነው ብል ደስ ባለኝ። ውሸት ነው። አፌና እኔ አብረን ነው የተናገርነው። "ብሎኩ ተሰንጥቋል፣ የዚህ ዓይነት ደግሞ አሁን ከየትም አይገኝም" ብዬም ጨመርኩበት፤ ማንም ሳይጠይቀኝ።

እህቴ ክራንቿን ተደግፋ ተነሣችና በመኪናው መስኮት እጇን አስገብታ መሪው ላይ አሳረፈች። "አባባ ዳግመኛ የሞተ መሰለኝ" አለች ቀስ ብላ። ዐይኗን በመዳፏ ጠረገች፣ አፍንጫዋን ሳበች፣ ከዚያ እንደ ልማዷ ነገሩን ወደ ቀልድ አዞረችው። "በል እንግዲህ፣ ያንን ዝሆንህን ክተትበት።"

"የቱን ዝሆን?"

"አትሽኮርመም። ከመጣሁ ጀምሮ ዐይንህ ከሱ ላይ አልተነቀለም። መኪናው እንደሆነ ቆሞ ዝገት ከሚበላው አንድ ጉድ ይሁንበት። አንድ ነገር ብቻ ቃል ግባልኝ፤ የምነዳው እኔ ነኝ። ትምህርት ቤቶቹ እስኪከፈቱ ድረስ ቢሮ ይታገሠኛል። ከዚያ በኋላ መኪና ከሌለኝ ዙሩን ለሌላ ሰው ይሰጡታል፣ ነግረውኛል። ታደርስልኛለህ?"

"አደርስልሻለሁ፣ እታለም" አልኩ።

ያን ጊዜ እንኳ መመለስ እችል ነበር። "ቆይ፣ ደግሜ ልየው" ብል ማን ይከለክለኝ ነበር? እሷ ግን ዝሆኔን በገዛ አፏ ፈቀደችልኝ፤ ደስታዬ ኅሊናዬን ገፍቶ አለፈ። በማግስቱ የመኪናውን ሞተር አውርጄ ከግድግዳው ሥር አስቀመጥኩትና ሸራ አለበስኩት።

ሥራው ተጀመረ። ዝሆኑን እያነሡ እያስገቡ መሞከር ስለማይቻል እኔና በያጁ በካርቶንና በሣጥን እንጨት ልክ የሱን ቁመናና ወርድ የሚያክል የውሸት ሞተር ሠራን። የውሸቱን ሞተር አፍንጫው ውስጥ እያስገባን፣ የነካውን ቦታ በጠመኔ እያሰመርን፣ የሚቆረጠውን እንለይ ነበር። ያላሰመርንበት ቦታ ጥቂት ነው። ራዲያተሩ ከጭነት መኪና፣ የፊት ባልስትራው ከጭነት መኪና፣ ጎማው ከጭነት መኪና መጣ። በያጁ፣ "አሁን ከመኪናው የቀረው መብራቱና ስሙ ነው" እያለ ይስቅ ነበር። የሾፌሩ ወንበር ወደ ኋላ እየሸሸ እየሸሸ ሄዶ የኋላ ወንበር የነበረበት ደረሰ። የአባባን ዘንጎች ፈትቼ ግድግዳው ላይ ሰቀልኳቸው። ስሰቅላቸው ወደነሱ ላለማየት አንገቴን አዞርኩ፤ ምስማሩን ስቼ ጣቴን መታሁት።

እህቴ ከሰዓት በኋላ በታክሲ ትመጣለች። እኔ ልጋብዛት አልፈለግሁም፣ እሷ ግን መኪናዬ ነው አለች፣ እውነቷን ነው። የዝሆኑን ጥቃቅን ዕቃ በነጭ ጋዝ እያጠበች በጨርቅ ታደርቃለች። የሞተሩ የእሳት ማከፋፈያ ዓመታት ባለመሥራቱ በስብሶ ነበር፤ ከፀጉር የቀጠነ ሽቦ ሲጠግን የሚኖር የእሷ እጅ ነው ያዳነው። ያለ እሷ ዝሆኑ አንዲት ብልጭታ እንኳ አይተፋም ነበር። ስትሠራ ሻይዋን የምታስቀምጠው ሸራ በለበሰው የገዛ ሞተሯ ላይ ነው። ብርጭቆው ሸራው ላይ ክብ ክብ ምልክት ይተው ነበር፤ እሷ ስትሄድ እኔ በእርጥብ ጨርቅ እየጠረግሁ አጠፋዋለሁ። ለምን እንደማጠፋው አላውቅም። ከጥፋቴ ሁሉ ላጠፋው የቻልኩት እሱን ብቻ ስለነበረ ይሆናል።

አንድ ቀን በያጁ ሌላ ሥራ ሄዶ፣ እህቴም ሳትመጣ ቀረች። በሩን ዘጋሁና ሸራውን ገልጬ ጓርኒሲዮኑን ቀየርኩት። ከምሳ በኋላ ጀምሬ ሻይ ሳያምረኝ ጨረስኩ። ብረት እግር ላይ አስሬ፣ ነዳጅ በቱቦ ሰጥቼ ማስነሻውን፣ ሞተሪኖውን፣ ነካሁት፤ ሳያንገራግር ተነሣ። እንደዚያ ጤነኛ ድምፅ መስማት እንዴት እንደሚያሳፍር ያን ቀን ነው ያወቅሁት። ቶሎ አጥፍቼ ሸራውን መለስኩ። ለራሴም፣ "ዝሆኑ እምቢ ካለ ይሄን መልሼ አስርላታለሁ፣ አገኘሁልሽ እላታለሁ" አልኩ። ውሸቴን በሌላ ውሸት አድኜ እንደ ውለታ ልቆጥርባት ነበር ያሰብኩት። እንዲህ ነው እንግዲህ የሷ ማሙሽ።

የሚቀጥለው ሥራ በሞተሩና በተሳፋሪው መካከል ያለውን የብረት ግድግዳ መቁረጥ ነበር። ያ ግድግዳ ከተቆረጠ፣ የፊቱ ተሸካሚ ብረትም አብሮ ከወጣ፣ ትንሹ ሞተር የሚታሰርበት ቦታ የለውም። ይህን እኔም በያጁም እናውቃለን። በያጁ የእሳት መቁረጫውን እያዘጋጀ የወደቀበትን ብሎን ሲፈልግ ከሸራው ሥር ገባ። ሲወጣ ወሬው ተቋርጧል። ሸራውን ከፍ አድርጎ ይዞ ቆሞ አዲሱን ጓርኒሲዮን፣ ያልደረቀውን ቤንዚን፣ ከዚያ እኔን አየ።

"ይሠራል?" አለኝ።

"ይሠራል።"

"ድሮም ይሠራ ነበር?"

ሸራውን ከእጁ ተቀብዬ ሞተሩ ላይ መለስኩት።

"እሷስ ታውቃለች?"

"ተወው እባክህ።"

"እኔ ምን አገባኝ፣ እተወዋለሁ። ግን ይሄን ግድግዳ ከቆረጥኩ መመለሻ የለም፤ ሌላ መኪና ነው የሚሆነው። ዛሬ ካቆምን ግን ሳምንት ሳይሞላው የሴትየዋን መኪና ደህና አድርገን እናስረክባለን። ዝሆኑን ለሌላ ጊዜ።" መቁረጫውን አንሥቶ ያዘ። "እሺ? ልቁረጥ ወይስ ልተው?"

ያን ጊዜ ዝሆኑ በሰንሰለት ተንጠልጥሎ መኪናው አፍንጫ ላይ ያንዣብብ ነበር። አጥበን አጽድተነው ያብረቀርቃል። እህቴ ያጸዳቻቸው የነሐስ ቱቦዎች በየቦታቸው ገብተዋል። ትንሽ ዝቅ ቢል ይገባል፤ ያ ሁሉ ጊዜ የተመኘሁት ነገር ክንድ በማትሞላ ርቀት ላይ ነበር። እህቴን አሰብኳት፤ እንዳላሰብኳት ማንም አያውራልኝ። አስቤያት፣ ልጆቹንም አስቤ ነው የተናገርኩት።

"ቁረጥ" አልኩት።

በያጁ መነጽሩን አወረደ። ያን ቀን ሙሉ አንድም ቃል ሳይናገር ዋለ።

ዝሆኑ ገባ። መኪናው በፊት ጎማው ላይ ቁጢጥ አለ፣ ባልስትራው አቃሰተ፣ ግን ቻለው። ከዚያ በኋላ ነው አስቀድሜ የማውቀውና ለራሴም ሳልነግረው የቆየሁት ነገር የመጣው፤ ማርሽ ለማስገባት የግድ የሚረገጠው ፍሪሲዮን። የታንክ ፍሪሲዮን የተሠራው ቦቲ ጫማ ላደረገ፣ ጀርባውን ከብረት ወንበር ጋር አጣብቆ በሙሉ ጉልበቱ ለሚረግጥ ወታደር ነው። እኔ ራሴ ስረግጠው ጭኔ ይንቀጠቀጣል። በእጅ የሚጎትተው ሰው አልተፈጠረም። የእጁን ዘንግ አስረዘምኩት፤ ሲረዝም ቀለል ይላል፣ ግን መጎተቻ ቦታ ያጣል፣ ክርኗ በሩን ይመታል። በዘይት ግፊት የሚያግዝ ነገር አበጀሁለት፤ የጭስ ማውጫዎቹ በዚያው በኩል ስለሚያልፉ ዘይቱ ፈልቶ ፈሰሰ። ሌላ የሚያልፉበት ቦታ አልነበረም፤ ቦታውን ሁሉ ዝሆኑ በልቶታል።

እህቴ ሞከረችው። ሁለት እጇን ዘንጉ ላይ ጠምጥማ ጎተተች፤ ንቅንቅ አላለም። "ኧረ ይሄስ በሬ ነው" አለች እየሳቀች። ከዚያ፣ "ይላላል ወይስ እንዲህ ነው የሚኖረው?" አለችኝ።

"እየሠራ ሲሄድ ይላላል" አልኩ። አይላላም።

"ካልላላም እኔ እጠነክራለሁ" አለች።

ቀልድ መስሎኝ ነበር። በሦስተኛው ቀን ቤቷ ስሄድ ከተጣለ በር ላይ የተነቀለ ወፍራም ስፕሪንግ ይዛ ጠበቀችኝ። "ማሙሽ፣ ይሄን መስኮቱ ብረት ላይ እሰርልኝ፤ እየሠራሁ በመሀል እጎትተዋለሁ።" አሰርኩላት። በገዛ እጄ፣ በጥሩ ብሎን፣ እንዳይፈታ አድርጌ አሰርኩላት። ከዚያ ወዲህ በሄድኩ ቁጥር የልጆቹን የመስሚያ መሣሪያ ጠረጴዛ ላይ ትታ ስፕሪንጉን ስትጎትት አገኛታለሁ፤ ጥርሷን ነክሳ፣ በአንዱ ክንዷ፣ ከዚያ በሌላው። ትከሻዋ አብጦ በጨርቅ ጠቅልላዋለች። "ወደዚህ ና፣ ንካው" አለችኝ አንድ ቀን እጅጌዋን ሰብስባ፣ ክንዷን አጥፋ። ነካሁት። እውነትም ጠጥሯል። "አየህ? ይሄ የማን ነው? የጎረምሳ ነው!" አለች። እኔ፣ "በርቺ" አልኳት። ከቤቷ ወጥቼ ታክሲ ሳልጠብቅ እስከ ጋራዡ በእግሬ ሄድኩ።

እዚያው ሰሞን ቢሮዋ ደወለ። የራሱ መኪና ያለው አንድ ወጣት ባለሙያ ተገኝቷል፤ ትምህርት ቤቶቹ ሲከፈቱ እሷ ካልተዘጋጀች ዙሩን ለእሱ ይሰጡታል። እህቴ ይህን ስትነግረኝ ድምፅዋ ደህና ነበር። "ልጁ ጎበዝ ነው ይላሉ" አለች። "ግን ልጆቹን አያውቃቸውም። አንዷ አለች፣ መሣሪያውን ከጆሮዋ ስታወጣባት የምትነክስ። ለእሷ አስቀድመህ ጣትህን ነው የምትሰጣት፣ እስክትጠግብ። ይሄን በወረቀት እንዴት ጽፌ አስረክባለሁ?" ቀና ብላ አየችኝ። "አንተ ብቻ አድርስልኝ። ክንዴን ለኔ ተወው።"

ለምን አልነገርኳትም? ብዙ ጊዜ ልነግራት ተነሥቻለሁ። ታክሲ ውስጥ ሳስገባት፣ ሻይ ስቀዳላት፣ ትከሻዋን ቅባት ስቀባላት። ግን ዛሬ ብነግራት ትናንት ለምን እንዳልነገርኳትም ልነግራት ነው፤ ከትናንት ወዲያም እንዲሁ። ቀኑ በጨመረ ቁጥር የምናገረው ነገር እየከበደ ሄደ። ፈሪ ነኝ። ሌላ ስም የለውም።

ትምህርት ቤቶቹ ሊከፈቱ አንድ ቀን ሲቀር ዝሆኑ ለመነሣት ደረሰ። ወሬው እንዴት እንደወጣ አላውቅም፤ በያጁ ነው ማለት ይቻላል፣ ድምፁ ተመልሶለት ነበርና። መኪናውን ገፍተን ከጋራዡ ደጅ ስናወጣው ጎረቤቱ ሁሉ ተሰብስቧል። ፀጉር አስተካካዩ ደንበኛውን ግማሽ ላጭቶ ይዞት ወጥቷል። አንዱ፣ "ይሄ መኪና ነው ወይስ ባቡር ውጦ ነው?" ሲል ሌላው፣ "ማነው የሠራው?" አለ። ያን ጥያቄ ሰማሁት። ያን ሁሉ የቀማኋት ለዚች ጥያቄ ነበር፤ ስሰማት ምንም አልመሰለችኝም።

እህቴ ደህና ልብሷን ለብሳ መጣች። ለመኪናው ማጠናከሪያ ብለን የበየድነው ቧንቧ በሩን አቋርጦ ስለሚያልፍ እንደ ድሮው በራሷ መግባት አትችልም፤ አቅፌ አሻግሬ ወንበሩ ላይ አስቀመጥኳት። በያጁ የድምፅ መከላከያ ጆሮዋ ላይ አደረገላት። ዝሆኑ የሚነሣው በታመቀ አየር ስለሆነ እኔ የአየሩን ጋን ከፍቼ ለቀቅሁበት።

ዝሆኑ መጀመሪያ ተነፈሰ። ከዚያ አንዱ ፒስተን ተኮሰ፣ ሌላው ተከተለው፣ ከዚያ አሥራ ሁለቱም በአንድ ላይ ተነሡ። መሬቱ ተንቀጠቀጠ። የፀጉር አስተካካዩ መስታወት ሲንቀጠቀጥ በዐይን ይታያል፤ ሕፃናት ሆዳቸውን ይዘው ይስቃሉ። እህቴ አፏን ከፍታ ሳቀች። አንድ እጇን ዳሽቦርዱ ላይ፣ ሌላውን ደረቷ ላይ አድርጋ ድምፁ በሰውነቷ ሲያልፍ ታዳምጥ ነበር። እንደዚያ ስትስቅ ካየኋት ብዙ ጊዜ ሆኖኛል።

ከዚያ ዘንጉን ያዘች።

ጎተተች። ዘንጉ ተንቀሳቀሰ፤ እውነት ነው የምላችሁ፣ ያ ዘንግ ለእሷ ተንቀሳቀሰ፣ እስከ ግማሽ ድረስ መጣ። ያ ሁሉ ስፕሪንግ መጎተት ያመጣው ግማሽ ነው። ማርሹን በሌላ እጇ ልታስገባ ስትል አምልጦ ተመለሰባት፤ ማርሹ ጮኸ፣ መኪናው ወደ ፊት ተወርውሮ ቆመ፣ ሰው ሸሸ። እንደገና ያዘችው። በሁለት እጇ። የአንገቷ ሥር ተገተረ፣ ፊቷ ቀላ፣ ከዚያ ነጣ። ሦስተኛውን ስትጎትት ትከሻዋ ሲከዳት አየሁ፤ ክንዷ በራሱ ወደቀ።

እጇን ጭኗ ላይ አድርጋ ተቀመጠች። ከዚያ በመስኮቱ ወደ እኔ ዞራ የጆሮ መከላከያውን አወለቀችና በሞተሩ ጩኸት ላይ ጮኸች፤ "ይቅርታ ማሙሽ! ይህን ሁሉ ለፍተህልኝ አሳፈርኩህ! ትንሽ ቀደም ብዬ ብጀምር ኖሮ ክንዴ ይደርስ ነበር!"

ይቅርታ የጠየቀችኝ እሷ ናት።

ፊት ለፊቷ ቆሜ፣ መስኮቱን በሁለት እጄ ይዤ ተናገርኩ። "ሞተርሽ ደህና ነበር። ጓርኒሲዮን ብቻ ነው የተቃጠለው። ዋሸሁሽ። መኪናውን ፈልጌ ነው።" ሁሉንም አልኩት። የራሴን ድምፅ ራሴ አልሰማሁትም፤ ዝሆኑ ዋጠው። እውነቱን ልናገር ካልኩ፣ የተናገርኩትም ስለማይሰማ ነው። ከደረቴ ይውጣልኝ እንጂ እሷ ዘንድ ይድረስ አላልኩም። አሁን ተለማመድኩት፣ በኋላ በጸጥታ እነግራታለሁ ብዬ ነው።

የረሳሁት ነገር ቢኖር እህቴ ዕድሜዋን ከነማን ጋር እንዳሳለፈች ነው። ከንፈር አይተው የሰው ንግግር ከሚረዱ ልጆች ጋር ስትውል የኖረች ሴት ናት፤ ለእሷ ጩኸት መጋረጃ አይሆንም። ዐይኗ አፌ ላይ ነበር። ፊቷ ላይ የነበረው ይቅርታ ቀስ ብሎ ሲለቅ አየሁት። እጇን ዘርግታ ሞተሩን አጠፋችው።

ጸጥታው በድንገት ወረደ። ሰዉ ትርኢቱ ያለቀ መስሎት አጨበጨበ፤ አንዱ አፏጨ።

"ጓርኒሲዮን ብቻ?" አለች፣ ለኔ ብቻ በሚሰማ ድምፅ።

"አዎ።"

"ለመቀየር ስንት ጊዜ ይፈጃል?"

"ከምሳ በኋላ ተጀምሮ እስኪመሽ ያልቃል።"

"ያን ቀን፣ አግዳሚው ላይ ተቀምጬ ሳለሁ፣ እስኪመሽ ድረስ ብጠብቅህ ነድቼው እሄድ ነበር?"

"ትሄጂ ነበር፣ እታለም።"

ቀና ብላ የተቆረጠውን ግድግዳ፣ የረዘመውን አፍንጫ፣ በእጇ የጠረገችውን ነሐስ አየች። ያበጠ ትከሻዋን በሌላው እጇ ይዛዋለች። ትቆጣለች፣ ትሰድበኛለች፣ ክራንቿን አምጣ ብላ ታነሣብኛለች ብዬ ጠበቅሁ፤ እግዜር ያሳያችሁ፣ ተመኘሁት።

"አውጡኝ ከዚህ" አለች።

በሩን ከፍቼ እጄን ዘረጋሁላት።

"አንተ አይደለህም" አለች። ከትከሻዬ በላይ አሻግራ አየች። "አንተ በያጅ፣ እባክህ ና አውርደኝ።"

በያጁ እጁን በልብሱ ጠራርጎ መጣ። ሰው ሲሸከመኝ አልወድም የምትለው እህቴ በጥቀርሻ የተለወሰ አንገቱን አቅፋ ወጣች። እኔ ክራንቿን ይዤ ከኋላቸው እስከ ታክሲው ድረስ ተከተልኩ። ስትቀመጥ በመስኮቱ አቀበልኳት። ተቀበለችኝ፣ "አመሰግናለሁ" አለችኝ፣ በር ከፍቶ ላሳለፋት መንገደኛ እንደምትለው አድርጋ።

"ወዴት ነው?" አላት ሾፌሩ።

"ወደ ቢሮ" አለችው። "ሳይዘጋ አድርሰኝ። ልጆቹን ለአዲሱ ሰው የማስረክበው ዛሬ ነው።"

ታክሲው መታጠፊያው ላይ እስኪሰወር ቆሜ አየሁት። ከኋላዬ ጎረቤቱ መኪናውን ከቦ፣ እባክህ አንዴ ብቻ አስነሣልን እያለ ይጠራኝ ነበር።